እናቴን ያዘፈናት ትራፕ

ወንድሜ ትራፕ የሚሠራው ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማችን፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ባለው ግቢያችን፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ነው። መስኮቷን በአሮጌ ስፖንጅ ፍራሽ ደፍኖታል። ድምፅ እንዳይገባ ነው ይላል፤ ስለሚወጣው ግን አስቦ አያውቅም። ትራፕ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ለእኔም ይቸግረኛል። ከታች ደረት የሚነቀንቅ ከበሮ አለ፣ ከላይ እንደ ልብስ ስፌት መኪና የሚንጣጣ ነገር አለ፣ በመሃል ደግሞ ገና ከእንቅልፉ የተነሳ የሚመስል ልጅ ስለሌለው መኪና ያወራል። የባጃጅ ሒሳብ ከእኔ እየለመነ የሚሄድ ልጅ ስለ መኪና ሲያወራ ስሰማ ሳቄና ንዴቴ አንድ ላይ ይመጣሉ።

እናታችን ጡረታ የወጣች የመንግሥት ሠራተኛ ናት። ሰው የሚያውቃት ግን በሥራዋ ሳይሆን በድምፅዋ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መሪ ድምፅ እሷ ነበረች፤ እኛ ልጆች ሳለን ባወጡት ካሴት ላይ አንዱን መዝሙር በሲዳማ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ፣ ለብቻዋ ትዘምረዋለች። እንቅርቷን ኦፕራሲዮን ከተደረገች በኋላ ግን ያ ድምፅ አልተመለሰም። ሐኪሞቹ ቀስ ብሎ ይመጣል አሉ፤ ቀስ ብሎም አልመጣ። አሁን የምትናገረው በሹክሹክታ ነው። ሽንኩርት ስትገዛ እንኳ ነጋዴዋ ሐሜት የመጣላት መስሏት ጆሮዋን ታስጠጋለች።

የቀራት ረቡዕ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በቤተ ክርስቲያን የእናቶችን ጸሎት የምትመራው እሷ ናት፣ በዚያችው በሹክሹክታዋ። ሴቶቹ እንደሚሉት እሷ ስትጸልይ አዳራሹ ውስጥ የሚያስል ሰው እንኳ የለም፤ ሁሉም ለመስማት ትንፋሹን ይይዛል። ጌታ ድምፅዋን ወስዶ ረቡዕን ተወላት እያልኩ እጽናና ነበር።

ወንድሜ ካሴቱን የጠየቃት ወደ ፍላሽ ልገልብጥልሽ ብሎ ነው። ደስ አላትና ከቁም ሳጥኗ አውጥታ ሰጠችው። እውነቱን ለመናገር ገልብጦታልም፤ ፍላሹ ዛሬም ቴሌቪዥኑ ሥር አለ። ግን እዚያ ላይ አላቆመም። ከዚያ መዝሙር እናቴ ለጌታ "ደጄን ታውቀዋለህ" የምትልበትን አንድ መስመር ቆርጦ ከበሮው ላይ አስቀመጠውና ራሱ በመሃል እየገባ ስለ ገንዘብ ያወራበት ጀመር። አዲስ አበባ ያለ አንድ የሙዚቃ አከፋፋይ በስልክ አነጋግሮት በየስትሪሚንጉ፣ ሰው በስልኩ ሙዚቃ በሚሰማባቸው መተግበሪያዎች ላይ፣ ጫነለት።

መጀመሪያ የምንሰማው እኛና ጓደኞቹ ብቻ ነበርን። ከዚያ አንዲት ልጅ የእናቴ ድምፅ ሲመጣ በር ስታንኳኳ የምትታይበት አጭር ቪዲዮ ሠራች፤ ሌሎችም ተከትለዋት በር ማንኳኳት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ወንድሜም አያውቀው። ባጃጆቹ ከፈቱት፣ ፀጉር ቤቶቹ ከፈቱት፣ እኔ እንግዳ መቀበያ ላይ የምሠራበት ሐይቅ ዳር ያለው ሆቴል ሳይቀር በአትክልቱ ስፒከር ከፈተው። ጠዋት ጠዋት ስልኩን ይዞ ይመጣና ሰዎች ከየት ከየት አገር እንደሚሰሙት ያሳየኛል። ስማቸውን ማንበብ በሚያቅተኝ ከተማዎች ውስጥ ሰዎች እናቴን ይሰማሉ። ኮርቼ ነበር፤ ይህን አልሸሽግም።

ለእናቴ ያሰማት ራሱ ነው፣ ሳሎን ውስጥ አጠገቧ ተቀምጦ። እስከ መጨረሻው ሰማችና የኔን ብቻ መልሰው አለችው። መለሰላት። እሷም ካሴቱን የቀዱ ቀን ከፍ አድርገው እንደጀመሩት፣ ዝቅ ቢሉ ይሻል እንደነበር ተናግራ ምሳ ልታቀርብ ተነሳች። አልመረቀችው፣ አልረገመችው። ወንድሜ እንደ ምርቃት ቆጠረው።

እኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን መዝሙር መዝሙር ነው፣ ዘፈንም ዘፈን ነው። ሁለት ባላ ትከል የሚለው ተረት እዚያ በር ላይ ይቀራል። የሽማግሌዎቹን ደግነት አልክድም፤ ባልሰማነው አንፈርድም አሉ። ስለዚህ ሁሉም በየስልካቸው ሰሙት። ግጥሙ ያልገባቸው ደግመው ሰሙት። አንዱ ሽማግሌ ጆሯቸው ስለሚደክም የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ቃል በቃል እያስነበቡ፣ በየመስመሩ እያቆሙ ሰሙት። ከዚያ እሑድ ከስብከቱ በፊት ስሙን ሳይጠሩ፣ የመዝሙር ድምፅ የተቀላቀለበት አንድ ዘፈን በከተማችን እየተሰማ ስለሆነ ምእመናን እንዳይሰሙት ተባለ። ከፊቴ ባለው የወንበር ረድፍ ላይ ስልኮች አንድ በአንድ ሲበሩ አየሁ። የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ ሰው እንዴት ብሎ ይጠንቀቅ? በዚያ ሳምንት የአድማጩ ቁጥር ጭራሽ ተተኮሰ፤ ወንድሜም ቸርቻችን ከማንም በላይ አስተዋወቀችኝ እያለ ሳቀ።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ቤታችን መጡ። ከእናቴ ጋር አብረው ያገለገሉ፣ አባታችን ሲቀበር ከእኛ ያልተለዩ ሰው ናቸው። ሻያቸውን ጠጡ፣ ጤናዋን ጠየቁ፣ ስለ ዝናቡም ተጨዋወቱ። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀምጠው ዓይኗን ሳያዩ ተናገሩ።

"እኅታችን፣ ዘፈኑ እስኪወርድ ድረስ ከረቡዕ ትንሽ ቢያርፉ ብለናል።"

እናቴ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ምን አጠፋች ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ቃሌንም አላለዘብኩም። ጥፋት አላልንም ልጄ፣ ደካማው እንዳይሰናከል ብለን ነው አሉኝ። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረው፣ ያለ ቁጣ፣ ለማወቅ ፈልገው፣ ለመሆኑ ይሄ ነገር መዝሙር ነው ወይስ ዘፈን ብለው ጠየቁት። ትራፕ ነው አላቸው። እንዳስረዳቸው ወደ እኔ ተመለከቱ፤ እኔም ብርጭቆዋቸውን አንስቼ ወደ ጓዳ ሄድኩ።

በመጣው ረቡዕ እናቴ እንደ ወትሮው ገላዋን ታጠበች፣ ለባበሰች፣ ጫማዋን አደረገች። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሷን ጭኗ ላይ አድርጋ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ጸሎቱ የሚያልቅበት ሰዓት ሲደርስ ጫማዋን አወለቀችና ወደ ጓዳ ገባች። የሚቀጥለውም ረቡዕ እንዲሁ ሆነ። ብትጮህ፣ ብታለቅስ፣ ወንድሜን ብትሰድበው ምንኛ ቀለል ባለኝ። እዚያ ቁጭ ብላ ሳያት ግን የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኛል።

ወንድሜ ይህን ከግቢ ሆኖ በሳሎኑ መስኮት አይቶ አንድ ቃል አልተከራከረም። ዕድሜውን ሁሉ የጠበቀውን ነገር በገዛ እጁ ለማውረድ ተነሳ። ነገር ግን መጫንና ማውረድ አንድ አይደሉም። አከፋፋዩ እየወጣ ያለ ዘፈን የሚያወርድ እብድ ነው አለው፤ ቀጥሎ ስልክ ማንሳቱን ተወ። መተግበሪያዎቹ ለጻፍንላቸው ሁሉ ቶሎ መለሱ፤ ጥያቄዎን ተቀብለናል፣ ለትዕግሥትዎ እናመሰግናለን። ይህን መልስ ከማንም በላይ እኔ አውቀዋለሁ። ሆቴላችን ውስጥ ሙቅ ውሃ ለጠፋበት እንግዳ በየቀኑ የምጽፈው እኔ ነኝ። ከጀርባው ማንም እንደሌለ አውቃለሁ። እያወቅኩም ደግሜ ጻፍኩ።

ከብዙ ሳምንት በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ስንፈልገው የለም። ማን እንዳወረደው፣ አከፋፋዩ ይሁን መተግበሪያዎቹ፣ እስከ ዛሬ አናውቅም። ሰብሳቢው ዘንድ ደወልኩ፤ እሳቸውም ራሳቸው ፈልገው ማጣታቸውን አረጋግጠው እናቴን ወደ ረቡዕዋ መለሷት። የዚያን ቀን ወንድሜ ከሰርቪሱ አልወጣም። እናቴ ከጸሎት ስትመለስ በሩን ገፍታ ገባችና እጇን ራሱ ላይ ጭና ጌታ ይካስህ አለችው። እጇን እስክታነሳ ድረስ አልተንቀሳቀሰም።

ተገላገልን ብዬ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ሆቴሉ አትክልት ውስጥ ስፒከሩ አዲስ ትራፕ መድገም ጀመረ፤ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ከወንድሜ ጋር የማይወዳደር ታዋቂ፣ በየስትሪሚንጉ አናት ላይ የተቀመጠ። በመሃሉ የትንሽ ልጅ ድምፅ ይመጣል፣ ቀጭን፣ ፈጣን፣ የሚያምር። ልብ ብዬም አልሰማሁት። ማታ ቤት ስገባ ግን ወንድሜ ፊቱ አመድ መስሎ በር ላይ ጠበቀኝ።

የቆረጠውን የእናቴን ድምፅ ያኔ ለሙያ ጓደኞቹ በቴሌግራም ልኮላቸው ነበር። እንዲህ ይቀባበላሉ፤ አንዱ ከበሮ ይልካል፣ ሌላው ድምፅ ይልካል፣ ከማን እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። ከእጅ ወደ እጅ ሄዶ ታዋቂው ዘንድ ደረሰ። እሱ ደግሞ አፍጥኖትና አቅጥኖት ካሴቱ ሲቀዳ አርባ ዓመት ያለፋትን ሴት የሰባት ዓመት ልጅ አደረጋት። ላፕቶፑ ላይ መልሶ ሲያዘገየው እናቴ ከውስጡ ወጣች። ሁለተኛ ማዳመጥ አልቻልኩም።

አስወርደው አልኩት፣ ከንዴቴ የተነሳ። በማን ስም ብዬ፣ አለኝ። እሱ ዘንድ ድርጅት አለ፣ ጠበቃ አለ፣ ስፍር ቁጥር የሌለው አድማጭ አለ። እኛ ያለን አንድ ፍላሽ ነው። ደግሞም ከፍ አድርገን ከጮኽን መጀመሪያ የሚሰማን ቤተ ክርስቲያኑ ነው።

ስለዚህ ለእናታችን ላለመንገር ተስማማን። እናውቃታለን። በከተማው ውስጥ ያንን ድምፅ የሷ ነው ብሎ የሚጠረጥር አንድ ሰው የለም፤ እሷ ግን ብታውቅ በዚያው ቀን ሰብሳቢው ቤት ሄዳ አልወረደም ትላለች፣ ረቡዕንም በገዛ እጇ ትተዋለች። ሌላ ሰው ቢሆን ይጨቃጨቃል፣ ያሳብባል። እሷ አትችልበትም።

ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ፈረቃዬን እየቀየርኩ ከቤተ ክርስቲያን የምመልሳት እኔ ሆንኩ። ባጃጅ ስይዝ መጀመሪያ ጆሮዬን አስቀድማለሁ፤ ጸጥ ያለውን መርጬ ነው የማሳፍራት። አንድ ቀን ግን በዝናብ ምክንያት መምረጥ አልተቻለም፤ ያገኘነው ውስጥ ገባን። መሃል ከተማ ስንደርስ ሾፌሩ፣ ጎረምሳ ነው፣ ሙዚቃውን ከፈተ። ያው የታዋቂው ልጅ ትራፕ ነበር። ቀንሰው ልል አፌን ስከፍት ሾፌሩ ራሱ በመስታወቱ እናቴን አይቶ አፈረ መሰለኝ።

"ማዘር፣ ልቀንሰው?"

እናቴ ተወው በሚል እጇን አነሳች። ጆሮዋን ወደ ስፒከሩ ዘንበል አድርጋ ሰማች። አወቀችው፣ አለቀ አልኩ በልቤ። እሷ ግን ወደ እኔ ተጠግታ በዚያች ሹክሹክታዋ፣

"ሕፃን ናት፤ መዝሙሬን ነው የምትዘምረው። ማን አስተማራት?" አለችኝ።

አላውቅም አልኳት።

"ድምፅ አላት። ከነዚህ ጋር ስትዞር ሳትጠፋ ፈልጊልኝ፤ የልጆቹ ኳየር ውስጥ እናስገባት። እኔ አስጠናታለሁ።"

ሾፌሩን ጠይቂው ብላ ክንዴን ነካች። እሷ የማይሰማላትን እኔ ነኝ የምጮህላት፤ እንዲህ ነው የለመድነው። ስለዚህ ዝናቡን አሸንፌ ጮኽኩና ልጅቷ ማን ናት ብዬ ጠየቅኩት። ማን ያውቃታል፣ ስሟ እንኳ አልተጻፈም አለኝ። እናቴ በሐዘን ራሷን ነቀነቀች፤ የሰው ልጅ አዘፍነው ስሟን እንኳ አይጽፉም አለች። ቤት እስክንደርስ ፊቴን ወደ ውጭ አዙሬ ሄድኩ።

በነጋታው የልጆቹ ኳየር አስተማሪ ዘንድ ሄዳ፣ ጥሩ ድምፅ ያላት አንዲት ሕፃን ልታመጣለት ስለሆነ ከፊተኛው መስመር ቦታ እንዲይዝላት ነገረችው። ለወንድሜም አንተ ከነዚያ ልጆች ጋር ትተዋወቃለህ፣ አጠያይቅ አለችው፤ እሺ ብሎ ወደ ሰርቪሱ ገባ። አሁን ከጸሎት በወጣች ቁጥር፣ ገና ከበሩ ሳንርቅ፣ አገኘሻት ትለኛለች። ገና ነው እላታለሁ።