ለሁለቱም ወገን በመሸጤ

የተሠራብኝ በደል ይታወቅልኝ፤ ቢቸና ካለው የመጻሕፍት ሱቄ ያስነሡኝ ሰርቄ አይደለም፤ ለፈለገው ሁሉ ስለሸጥሁ ነው። የልጅ ልጆቼን ትቼ፣ ጎህ ሲቀድ የጭነት መኪና ላይ ከጤፍ ጆንያ በላይ ተቀምጬ፣ በጉንደ ወይን ጭቃ ስናጥ ውዬ ሞጣ ገባሁ። ሩቅ አይደለም ትሉኝ ይሆናል። ሲያስነጥሰው «ይማርህ» የሚለው ዘመድ ለሌለው ሰው የጎረቤት አገርም ስደት ነው። የሞጣ ማር ይጣፍጣል፤ አልዋሽም። ሽሮው ግን የእኔን ቤት ሽሮ አይደለም፤ ብርዱም ሰው አይለይም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱቁን የተረከብሁት ባሌ ሲሞት ነው። እኔ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ከደገምሁ ወዲያ ሌላ ትምህርት አላየሁም። ዳዊቱን፣ የተማሪ ቤት መጽሐፉን፣ የጃንሆይን ንግግር፣ ስለ ጭሰኛ የሚያወራውንም ጎን ለጎን ደርድሬ እሸጥ ነበር። አስተማሪው ሲመጣ የጃንሆይ ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ በግንባሩ ይደፋዋል። የአውራጃው ጸሐፊ ሲመጣ እሱን ያቀናና የጭሰኛውን ይደፋል። እኔ በርበሬ ያሰጣሁ ይመስል ሳገላብጥ እውላለሁ።

«መምህር፣ መጽሐፉ ምን አደረገህ?» ስለው፣

«እማማ፣ እርስዎ የመሳፍንት ጠበቃ ሆነዋል!» አለኝ።

ጸሐፊው ደግሞ፣ «እትዬ፣ ሱቅዎ የረብሸኛ መፈልፈያ ሆነ።»

«ሳንሱር ያለፈ ነው እኮ!»

«ሳንሱርም ይሳሳታል።»

«እንግዲያ ለሳንሱሩ ንገረው! እኔን ምን ታደርቀኛለህ?»

በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣልኝ። ዳዊት ማኅደር እንዳለው፣ ለሁሉም መጽሐፍ ከአቡጀዲ ማኅደር ሰፋሁለት። ሽፋኑ ካልታየ ምኑን ይደፋሉ? የፈለገ ስሙን ጠርቶ ይጠይቀኝ አልሁ።

ወይ ስሕተት! ሁለቱም ሰው በሌለበት እየመጡ፣ ጠላቱ ምን እንደሚል ሊያውቅ አንዱ የሌላውን መጽሐፍ በጣቱ እየጠቆመ ይገዛኝ እንደ ነበር ዘንግቼ! አሁን ስም መጥራት ሲመጣ ማን አፉን ይከፍታል? በር ላይ ይተያዩና ተኮሳትረው ይሄዳሉ። ቄሱም መጥተው፣ «የዳዊትን ልብስ ለዓለማዊ መጽሐፍ አለበስሽ!» ብለው ገሠጹኝ። ደንበኛ የሚባል ጠፋ። ከዚያ ቤቱን ያከራዩኝ ግራዝማች ልቀቂ አሉኝ። «ጥፋቴ ምንድን ነው?» ብል፣ «ልቀቂ ብያለሁ» ብቻ።

ሞጣ ላይ የምታከራየኝ ሴት ገና ከበሩ፣

«ምን ትሸጫለሽ?»

«መጽሐፍ።»

«የየትኛው ወገን?»

«የሚያነብ ሰው ወገን።»

«እሱማ እዚህ ጥቂት ነው። ጨው ጨምሪበትና ግቢ።»

ጨመርሁበት። ጨው ሲገዛ ማንም ፊቱን አይቋጥርም፤ ይሄ ደግሞ ይብስ ያናድደኛል።

ጥፋቴን ሳላውቅ ግን እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። ቢቸና ገብቼ የልጅ ልጆቼን ባይ እንኳ ሰው «ምን አድርጋ ነበር?» ቢል መልስ የለኝም። ስለዚህ ስልክ ቤት ሄጄ ግራዝማችን አስጠራሁ። መስመሩ እንደ ወፍጮ ይጮኻል።

«ግራዝማች፣ ሰርቄ ነው? ዋሽቼ ነው?»

«ኧረ አንቺስ ጥፋት የለብሽም።»

«ታዲያ ለምን?»

 ጉሮሯቸውን ጠራርገው እንዲህ አሉኝ፦

«አስተማሪውም መጣ፣ ጸሐፊውም መጣ፤ ሁለቱም ያስወጧት አሉኝ። እነዚህ ሰዎች በአንድ ነገር ሲስማሙ በዕድሜዬ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እንዴት ብዬ ላፍርሰው?»