መኩሪያን ያስደገምኩት ቃል

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሟች ባለቤቴ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። እርሳቸው ዘንድ ስቀርብ ይዤ የምሄደው ሐሜት፣ ስድብ፣ በፍልሰታ ጾም የቀመስኳት አንዲት የዶሮ ክንፍ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን ነው። ትልቁን ኃጢአት ቤት ቆልፌበት፣ ትንንሾቹን እያሰለፍኩ ስንት ዘመን አታለልኳቸው። ምስኪን አባ፣ "ጌታሁን፣ አንተን እኮ የሚጎዳህ ገርነትህ ነው" ይሉኛል። ገር! እኔ! ጥርሴ አልቆ ፊቴ የጻድቅ መስሎ ነው እንጂ፣ እኔስ ራሴን አውቀዋለሁ።

ሰው ገድያለሁ፤ በካቻቪቴና በፒንሳ። አትደንግጥ አንባቢዬ፣ ወግቼ አይደለም። ወግቼ ቢሆን እንኳ ደፋር እባል ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከመገናኛ ብዙም በማይርቅ ሆስፒታል፣ ስሙን ተወው፣ የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ነበርኩ። ሰማያዊ ቱታ ለብሼ፣ በኪሴ ሙሉ ብሎን እያንቃጨልኩ ስሄድ ራሴን ኢንጂነር አድርጌ የምቆጥር ጉረኛ። መኩሪያ ደግሞ በኦፕራሲዮን ክፍል ማደንዘዣ ሰጪ ነበር። በሥራው ጎበዝ ነበር። (ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ተነስቼ ውሃ ጠጥቻለሁ።) ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት ግን ሌላ ሰው ይሆናል፤ የሠራተኛው የውይይት ክበብ መሪ እሱ ነበር። ማክሰኞ የሂስና የግለሂስ ቀን ነው። አንዱ ይነሳና ጥፋቱን በገዛ አፉ ይናገራል፤ ሌሎቻችን ተቀምጠን እንፈርድበታለን።

አባቴ ሞቶ ሐዘን በመቀመጤ ሁለት ማክሰኞ ቀረሁ። ስመለስ መኩሪያ አስነሳኝ። አባቴ አገር ቤት አንድ ጋሻ መሬት ነበረው፤ ይህን ከማን እንደሰማ እስከ ዛሬ አላውቅም።

"ጓድ ጌታሁን፣ ያለቀስከው ለማን ነው? ለአባትህ ነው ወይስ ለመሬቱ?"

ሰው ሳቀ። በሐዘን የተላጨ ራሴ ያብረቀርቅ ነበርና፣ ዛሬ ሳስበው የሚያስቅም ነበርኩ። "አባቴ አድኃሪ ነበር፤ ያለቀስኩት ለአድኃሪ ነው በል" አለኝ። ስልሳ ሰው እያየኝ አልኩ። መኩሪያ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገና፣

"ከልብ አይደለም። ይድገመው" አለ።

ደገምኩት። አባቴን ሁለት ጊዜ ቀበርኩት። ያን ቀን ወደ ቤቴ የሄድኩት በእግሬ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ሰው ፊቴን እንዳያየው።

በዚያው ዓመት አዲስ የልብ መከታተያ ማሽን መጣልን። ከበሽተኛው ደረት በተዘረጋ ሽቦ የልብ ምቱን እየተቀበለ፣ በትንሽ መስታወት ላይ መስመር የሚስል። መኩሪያ እንደ ልጁ ወደደው፤ በገዛ መሐረቡ ይወለውለው ነበር። ሐኪሙ ደግሞ ደም የሚያቆምበት የኤሌክትሪክ ቢላ ነበረው። ያ ቢላ ሲሠራ ሞገዱ ማሽኑን ይረብሻል። እንዳይረብሸው ሽቦው በቀጭን የብረት መረብ ተጠቅልሏል።

እኔ ያንን መረብ ቆረጥኩት። ማንም በማያየው ቦታ፣ ሶኬቱ ውስጥ፣ ቆረጥኩት። ብሎኑን መልሼ አጠበቅኩት። እያፏጨሁ ቆረጥኩት።

ከዚያ ወዲያ ቢላው ሥጋ በነካ ቁጥር መስመሩ ያብዳል፤ ቢላው ሲነሳ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይረጋጋል። መኩሪያ ይጮሃል፤ እኔን ያስጠራኛል። ቢላው ሳይነሳ የትኛው ጠጋኝ ነው ሽቦ የሚነካ? እንዲያነሱት አደርግና ማሽኑን እሞክራለሁ፤ ደህና ነው።

"ጓድ መኩሪያ፣ ማሽኑስ ጤነኛ ነው፤ ዓይንህን ብትታይ ይሻላል።"

ሐኪሙ ከጭምብሉ ሥር፣ "በል መኩሪያ፣ ለማክሰኞ ግለሂስ አገኘህ!" ይለዋል። ነርሶቹ ይስቃሉ። መኩሪያ እስከ ጆሮው ይቀላል። እኔ ያንን የቀላ ጆሮ ለማየት ስንት ጊዜ ፈገግ እያልኩ ደረጃውን ወጣሁ!

ጅል ግን አልነበረም። በአራተኛው ጊዜ ኮሪደር ላይ ይዞኝ፣ "የሚረብሸው ቢላው ነው፤ አንድ ነገር አድርግ" አለኝ። ለምኖኝ ነበር። ለምኖኝ! ምን አልኩት? "ከፋብሪካው እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው፤ ልመደው" አልኩት።

እንዲያፍር ብቻ ነበር የፈለግኩት ብዬ ራሴን ብዙ ዘመን ደለልኩ። እውነት? ማሽኑ ለምን እንደተሠራ ከእኔ በላይ ማን ያውቅ ነበር? ካልታየ ምት ጀርባ ሰው እንደተኛ አላውቅም ነበር?

ዘነበች ትባላለች። ከላምበረት ማዶ የመጣች፣ እንቅርቷን ልታስወጣ የተኛች ሴት። ያን ጠዋት በተሽከርካሪ አልጋ ሲገፏት ኮሪደር ላይ ተገናኘን። ቱታዬን አይታ፣

"ወንድሜ፣ መሐል ላይ መብራት አይጠፋም አይደል?" አለችኝ።

"እኔ እያለሁ? አይዞሽ እታለም፣ አይጠፋም።"

መብራቱስ አልጠፋም።

ውስጥ የሆነውን የነገረችኝ ሲስተር አልማዝ ናት። ሥራው አንገት ላይ ስለነበር የሴትዮዋ እጆች በጨርቅ ሥር ታስረዋል፤ መኩሪያ እንደ ልማዱ ምቷን በጣቱ ለመያዝ አልተመቸውም፤ ያለው መስታወቱ ብቻ ነው። ቢላው ጀመረ፤ መስመሩ አበደ። ሐኪሙ "ምንድነው?" ሲል፣ መኩሪያ "ቢላው ነው፣ ቀጥል። ልመደው ብሎኛል ጌታሁን" አለ። ቢላው ሲነሳ መስመሩ አልተመለሰም። ቀጥ ብሎ ተኛ፤ ለካ መስመሩ ባበደበት መሐል ልቧ ቆሞ ኖሯል። ደረቷን ሲጫኑ፣ መርፌ ሲወጉ ቆዩ። አልተመለሰችም።

እኔስ? ሰው ለምሳ ሲወጣ ገብቼ ሽቦውን በአዲስ ቀየርኩ፤ አሮጌውን የቆሻሻ ማቃጠያው ውስጥ ጣልኩት። የሆስፒታሉ አጣሪ ኮሚቴ ማሽኑን መርምር ሲለኝ፣ "እንከን የለበትም" ብዬ ጻፍኩ። "ልመደው ብለኸዋል ወይ?" አሉኝ። "ከአፌ አልወጣም" አልኩ። ፊርማዬ እንኳ ያን ቀን አምሮ ነበር።

ማክሰኞ ደረሰ። የመሪው ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ የቆመው መኩሪያ ነው። "ሴትዮዋን የገደልኳት እኔ ነኝ። ምልክቱን ናቅሁ" አለ፤ ድምፁ በቅጡ ሳይሰማ። ሰብሳቢው "ተጨማሪ ሂስ ያለው?" ሲል፣ ከሁለተኛው ረድፍ አንድ እጅ ወጣ። ይህ የምጽፍበት እጅ ነው።

"ከልብ አይደለም" አልኩ። "ይድገመው።"

መኩሪያ ቀና ብሎ አየኝ። አባቴን ያስታወሰ መሰለኝ፤ ማሽኑን ግን አልጠረጠረም። እንባው እየወረደ ደገመው፦ "የገደልኳት እኔ ነኝ።" እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። ልዋሽህ አንባቢዬ? እስከ ጥፍሬ ደስ አለኝ። ከዚያ ወጥቼ ክትፎ በላሁ፤ ጨመርኩም።

መኩሪያን ካርድ ክፍል ወረወሩት። ጡረታ እስኪወጣ የበሽተኛ ካርድ ሲያወጣና ሲያስገባ ኖረ፤ ሰው አላስተኛም ዳግመኛ።

አሁን ሁለታችንም ምርኩዝ የያዝን ሽማግሌዎች ነን። ቤቱ ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ነው። በየዓመቱ ዘነበች በሞተችበት ቀን ዳቦ አስጋግሮ ለነዳያን ያድላል። አምና በዚያ ሳልፍ አየኝና ጠራኝ። ከዳቦው ቆርሶ፣

"እንካ ጌታሁን፤ ለዚያች ለገደልኳት ሴት ነፍስ ነው" አለኝ።

ሦስተኛ ጊዜ ደገመው። ያን ጊዜ ማንም አላዘዘውም። እኔስ ምን አደረግሁ? ተቀበልኩ። በድዴ እያላመጥኩ በላሁ። "ነፍስ ይማር" አልኩም። ክትፎውን የበላሁበት አፍ ነው፤ ዳቦውን ግን እስከ ዛሬ አልዋጠውም።

ዘንድሮ ታሟል አሉ፤ አልጋ ይዟል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ከአንተ በፊት የሚሰማው እሱ ነው፤ ቅዳሜ ሄጄ አልጋው አጠገብ አነብለታለሁ። ፈሪ ስለሆንኩ ነው የጻፍኩት፤ በቃሌ ከሆነ መሐል ላይ ቀልድ ፈጥሬ አመልጣለሁ።

መኩሪያ፣ ሽቦውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ልመደው ያልኩህ እኔ ነኝ። ሳታውቅ የእኔን ኃጢአት በአፍህ ያስደገምኩህ እኔ ነኝ። ስለ አባቴ ይቅር አላልኩህም፤ ዛሬም አላልኩህም፤ አንተም ይቅር እንድትለኝ አልጠይቅህም። ዘነበችን ግን ከላይህ አውርድ። የእኔ ናት።