ኢሊሊ የተወለደችበት ዓመት

ፊራኦል በዳሳ ከእኛ በላይ አራተኛ ፎቅ የሚኖር ጎረቤታችን ነው። ሥራው ታወር ክሬን መንዳት ነው። ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ካለነው ሰዎች «እዚሁ አፈር ላይ ነው የተወለድኩት» ማለት የሚችል ሌላ ሰው አላውቅም። ብሎካችን የቆመበት ቦታ አባቱ ጤፍና ሽምብራ የሚዘሩበት ማሳ ነበር። አባቱ ከሞቱ ቆይተዋል። እናቱ እማማ ወለተማርያም ከወንዙ ማዶ፣ በምትክ በተሰጣቸው ቦታ ላይ አንዲት ላም ይዘው ይኖራሉ። እሱ ግን ባደገበት መሬት ላይ ተከራይ ነው። ይህን ሲናገር አያማርርም። «ከላይ ሆኜ ሳየው ሁሉም የሰው ነው» ይላል፤ በዚያው ያበቃል።

ሁለት ሺህ ሰባት ዓ.ም. ነበር። ከገርጂ እስከ አያት መሬቱ ተቆፍሮ፣ ቦሌ ደግሞ ቀና ባልን ቁጥር አዲስ ክሬን ተተክሎ የምናይበት ጊዜ ነው። ፊራኦል ከመድኃኔዓለም ቤተክርስቲያን ጀርባ የሚሠራ ሆቴል ላይ ነበር። ጠዋት መሰላሉን ከወጣ ማታ ነው የሚወርደው፤ ምሳውንም እዚያው ክሬኑ አናት ላይ ባለችው ጠባብ የመስተዋት ክፍል ውስጥ ብቻውን ይበላል። ሚስቱ ማኅደር አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት። ደሴ ያሉ አክስቷ ያሳደጓት ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከእሱ በቀር የኔ የምትለው ዘመድ የላትም።

ግንቦት ላይ ወለደች። ምጡ ጠንቶባት መጨረሻ ላይ በኦፕራሲዮን ነው የተገላገለችው። እኛ የብሎኩ ሴቶች ገንፎ ይዘን ወጣን፤ እልል አልን፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልናት። «አሜን» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ደክሟት ነው ብለን ቶሎ ወጣን። ስም ያወጡት እማማ ወለተማርያም ናቸው። «ኢሊሊ ትባል» አሉ፤ በኦሮምኛ አበባ ማለት ነው።

እማማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አራት ፎቅ ደረጃ እየተጎተቱ ወጥተው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አርሰዋት ሰነበቱ። ከዚያ ላሚቱን የምታልብላቸው ሴት ታመመችና ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የፊራኦል መከራ የጀመረው ያኔ ነው።

ክረምቱ ገባ። ውኃ ወደ ላይ ስለማይወጣ በጀሪካን ከታች ይሸከማል። የሕፃኗን ጨርቅ ያጥባል፤ በዚያ ዝናብ አይደርቅም። መብራት ሲኖር በካውያ ያደርቀዋል፤ ሳይኖር ደግሞ ከነእርጥበቱ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በገላው ሙቀት ሊያደርቀው ይሞክራል። ከሥራ ሲወጣ ቦሌ ሚካኤል ላይ የታክሲ ሰልፍ ይጠብቀዋል፤ ቤት ሲደርስ ኢሊሊ እያለቀሰች ትጠብቀዋለች። ያጥባታል፣ ጡጦ ይሰጣታል፣ ደረቱ ላይ ለጥፎ «ኡሹሩሩ» እያለ ከወጥ ቤት እስከ በሩ ይመላለሳል። እኛ ከታች ሆነን እርምጃውን እንሰማዋለን። ልጅቷ ዝም ስትል እርምጃው ያቆማል፤ ወዲያው ደግሞ ይጀምራል።

አንድ ቀን ደረጃ ላይ ጀሪካኑን አስቀምጦ፣ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቆሞ አገኘሁት።

«ፊሬ፣ ምነው? አመመህ?» አልኩት።

«አይ፣ እረፍት ልውሰድ ብዬ ነው።»

«ማኅደርስ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጅቷን በስሟ ጠርታት አታውቅም። ‹ልጅህ አለቀሰች፣ ልጅህን አንሳት› ነው የምትለኝ» አለኝ።

በብሎኩ ውስጥ ወሬው ብዙ ነበር። አንዷ ዓይን ነው ትላለች፤ ሌላዋ በአራስነቷ ብቻዋን በረንዳ ወጥታ ነው ትላለች፤ ሰነፍ ናት ያሉም አልጠፉም። እኔ ራሴ ምንም አላልኩም፤ ግን ወጥቼም አልጠየቅኋትም።

መስከረም ጠባ። ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ መሞቅ በጀመረበት ሰሞን ነው የሆነው። ፊራኦል ክሬኑ ላይ ነው፤ የታሰረ የፌሮ ብረት አንስቶ ወደ ላይኛው ፎቅ እያዞረ ነበር። የመስተዋቱ ክፍል ሞቋል። ከታች በሬዲዮ የሚመራው ግርማይ የሚባል፣ ብዙ ዓመት አብረው የሠሩት ሰው ነው። «ቀስ፣ ቀስ፣ ትንሽ ወደ ግራ» ሲለው ይሰማዋል። ከዚያ በኋላ ምንም አልሰማም።

«ፊራኦል! ፊራኦል! አቁም!»

ዓይኑን ሲገልጥ ፌሮው ለኮንክሪት መሙያ ካሳፎርማ የሚመቱት አናጢዎች የነበሩበትን ወለል አልፎ እየተወዛወዘ ነው። ሰዎቹ ወለሉ ላይ በሆዳቸው ተኝተዋል። አንድ ባርኔጣ ጠርዙ ጋ እየተንከባለለ ነው። ጭነቱን አረጋጋው፣ ሰው ወደሌለበት መሬት አወረደው፣ ሞተሩን አጠፋው። ማንም አልተነካም። መሰላሉን ወረደ።

ግርማይ ከታች ይጠብቀው ነበር። አልጮኸበትም። «ምን ሆነህ ነው?» አለው።

«እንቅልፍ ወሰደኝ።»

«ለፎርማኑ ማን ይንገረው? እኔ ወይስ አንተ?»

«እኔ እነግረዋለሁ።»

ነገረው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ክሬኑን ለሌላ ሰው ሰጡት፤ እሱን ታች ሆኖ ጭነት የሚያስር አደረጉት። «ለዛሬ ግን ወደ ቤትህ ሂድ» አሉት።

በቀን ቤቱ ገብቶ አያውቅም። የኢሊሊን ለቅሶ የሰማው ገና ከመጀመሪያው ፎቅ ነው። በሩን ሲከፍት ልጅቷ አልጋው መሀል፣ ዙሪያዋን በትራስ ታጥራ፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ትጮኻለች። ማኅደር ወጥ ቤት ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛለች። ሲያያት መጀመሪያ የተሰማው ንዴት ነበር። ይህን ራሱ ነው የነገረኝ። ልጅቷን አንስቶ ደረቱ ላይ ለጠፋትና ሚስቱ ላይ ሊጮህ አፉን ከፈተ። ማኅደር ቀድማ ተናገረች።

«ውሰዳት» አለችው። «ለእናትህ ስጣት። እኔ አልሆንላትም። ስታለቅስ ምንም አይሰማኝም እኮ፣ ፊራኦል። ድንጋይ ሆኛለሁ። አንዳንዴ በረንዳው ላይ ቆሜ ወደ ታች ሳይ...» አልጨረሰችውም።

ንዴቱ የት እንደገባ አላወቀም። ልጅቷን እንደታቀፈ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ። 

«እኔም ዛሬ ሰው ልገድል ነበር» አላት።

ቀና ብላ አየችው። በደንብ ካየችው ወራት አልፈው ነበር። ስለ ፌሮው፣ ወለሉ ላይ ስለተኙት አናጢዎች ሁሉንም ነገራት። ሲጨርስ ማኅደር ማልቀስ ጀመረች፤ እሱም አብሯት አለቀሰ። ከሦስቱ መጀመሪያ ዝም ያለችው ኢሊሊ ናት፤ አባቷ ክንድ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

የዚያኑ ቀን ልብሳቸውን ሰብስበው እማማ ወለተማርያም ጋ ሄዱ። ማኅደርን ብቻዋን ትቶ ሥራ መሄድ ከእንግዲህ አይቻልም፤ እማማ ደግሞ ደረጃ መውጣት አይችሉም። የእሳቸው ቤት መሬት ላይ ነው።

እማማ ምራታቸውን አስገቡና ልጅቷን ተቀበሏት። ልጃቸው የሆነውን ሁሉ ሲነግራቸው ስለ ዓይንም ስለ ጋኔንም አላነሱም። ማኅደር እየሰማች «አንተን ስወልድ እንዲሁ ሆኜ ነበር» አሉ።

«እንዴት እንዲሁ?»

«እንዲሁ ነዋ። ልይህ አልቻልኩም። ሲያቅፉህ አየሁ፤ የሌላ ሰው ልጅ መሰልከኝ። አክስትህ ናት የወሰደችህ። የራሷን ልጅ ገና ጡት አላስጣለችም ነበርና አንተንም አብራ አጠባችህ። ዓመት ሊሞላህ ሲል ነው የመለሰችልኝ።»

«ለምን ነግረሽኝ አታውቂም?»

«ምን ብዬ? እናትህ አልወደደችህም ነበር ልበልህ? አባትህ እንኳ እስኪሞት ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልተነፈሰም።» ከዚያ ወደ ማኅደር ዞሩ። «ልጄ፣ ያልፋል አልልሽም፤ ያኔ ሲሉኝ እናደድ ነበር። ብቻ እኔን ተመልከቺ። ይኸው እወደዋለሁ።»

ማኅደር እጃቸውን ይዛ ሳመች። ፊራኦል ወደ ደጅ ወጣ። ላሚቱ አጠገብ ቆሞ እስኪመሽ አልተመለሰም። ከጊዜ በኋላ እኔ «ተቀየምካቸው እንዴ?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «ለጥቂት ቀናት ከብዶኝ ነበር» አለ። «በኋላ ግን ድካሙ አሸነፈኝ። ለመቀየምም ጉልበት ይጠይቃል።»

ማኅደርን ጤና ጣቢያ ወሰዳት፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ላኳቸው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ በሽታ ነው፣ ስንፍናም እርግማንም አይደለም አለቻቸው። መድኃኒት አዘዘችላት፤ እየተመላለሰችም እንድታነጋግራት ቀጠሮ ሰጠቻት። እማማ ደግሞ ጠበሉንም አልተዉም፤ ጠዋት ጠበል፣ ማታ ክኒን። ማኅደር ሁለቱንም እሺ ብላ ወሰደች።

ቶሎ የመጣ ለውጥ አልነበረም። እኔ ጥቅምት ላይ ልጠይቃቸው ስሄድ ማኅደር ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፤ ጥያቄዬን ትመልሳለች እንጂ አትጨምርም። ኢሊሊ አያቷ ጀርባ ላይ ታዝላለች። ፊራኦል ከሥራ ገብቶ፣ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ፣ በተቀመጠበት ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ አንቀላፍቷል። ፊቱ ከስቶ የአባቱን መስሏል ይላሉ እማማ።

ክትባት የሚወስዳት እሱ ነው። ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ በእናቶች መሀል አንድ ወንድ። አንዷ «እናቷ የለችም እንዴ?» ብላ ስትጠይቀው «አለች፤ እያገገመች ነው» አላት። ሴትየዋ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ «እኔም ከመጀመሪያው ልጄ በኋላ ታምሜ ነበር፤ ለባሌ እንኳ አልነገርኩትም» አለችው። ቤት ሲገባ ይህን ለማኅደር ነገራት። ማኅደር «ምን ዓይነት ሴት ነበረች? ምን ለብሳለች?» እያለች ደጋግማ ጠየቀችው። ከታመመች ወዲህ ስለ ሌላ ሰው ለማወቅ የፈለገችው ገና ያን ጊዜ ነው፤ ፊራኦል ግን ሴትየዋን በደንብ አላያትም ነበርና ከራሱ ፈጥሮ ቢጫ ሻርፕ አለበሳት።

ጥር ላይ ኢሊሊ በሆዷ እየተሳበች ላሚቱ ጋ ልትደርስ ስትል «ኢሊሊ! ነይ ወዲህ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ማኅደር ናት። ፊራኦል እጁን እየታጠበ ነበር። ዞር ሳይል ውኃው ከጣሳው እስኪያልቅ ታጠበ። እማማም እንዳልሰሙ ሆኑ።

ከፋሲካ በፊት ወደ ኮንዶሚኒየሙ ተመለሱ። ማኅደር ግማሽ ቀን ሥራ ጀመረች። መድኃኒቱን አላቋረጠችም፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ይብስባታል፣ ከአልጋ አትነሳም። ያን ቀን እሷው ቀድማ «ዛሬ ከፍቶኛል» ትለዋለች። እሱም ፈቃድ ይጠይቃል ወይም እኔን ይጠራኛል። እኔም አሁን ሳይጠሩኝ እወጣለሁ። ኢሊሊ ጥርስ ስታበቅል ጆሮዋን ታመመች፤ ሲሻላት ጉንፋን ያዛት። ፊራኦል ያ ሁሉ ሲያልፍ እንቅልፍ የሚጠግብ መስሎት ነበር፤ አልጠገበም። ክሬኑን እንደገና ሲሰጡት፣ እኔ እንኳን ደስ አለህ ስለው፣ እሱ «ትንሽ ይቆይልኝ ብያቸዋለሁ» አለ።

ልደቷን ያከበሩት ግንቦት ላይ፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ግርማይ ኬክ ይዞ መጣ። እማማ ወለተማርያም ጉልበታቸውን እየያዙ አራት ፎቅ ወጡ፤ በየደረጃው መሀል ወንበር እያስቀመጥን አሳረፍናቸው። ኬኩ ተቆረሰ። ኢሊሊ አያቷ ጉልበት ላይ ሆና ክሬሙን ጠጉሯ ላይ ቀባችው። ማኅደር እየሳቀች ፎጣ ልታመጣ ሄደች። ፊራኦል ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ይመለከታል፤ ዓይኑ ቀይ ነው።

ጨዋታ ይሁን ብዬ «ታዲያ ወንድሟስ መቼ ነው?» አልኩት።

ከወጥ ቤት ማኅደር ሰምታኛለች መሰለኝ፣ ከጀሪካን የምትቀዳው ውኃ መፍሰሱን አቆመ። ፊራኦል ወደዚያ ተመለከተ፤ ከዚያ ወደ እኔ።

«ተይው፣ እህቴ» አለኝ። «መጀመሪያ ይቺን ከክሬሙ እናጽዳት።»