እሑድ ጠዋት በመኪና ማቆሚያው

ልብስ ሰፊዋን ያሳታት የገዛ እጇ ነበር። የልጇ የደንብ ልብስ በጠበበ ቁጥር ስፌቱን ትተረትርና ከውስጥ ያስተረፈችውን ጨርቅ አውጥታ መልሳ ትሰፋዋለች። ጠዋት ልጅቷ ስትለብሰው ልክክ ይላል። ስለዚህ ማንም ልብ አላለም። ጎረቤቱ ድንቡሼ ይላታል፤ ማቆላመጡ ነው።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ግን ጫማዋን አስወልቃ መዘነቻት፤ ደሟንም መረመረች። ስኳሩ ከፍ ማለት ጀምሯል።

«ጣፋጩን ቀንሺላት። ደግሞ ትሩጥ፣ ትዝለል። አሁን ካልተንቀሳቀሰች ኋላ ኑሮዋ በመድኃኒት ነው የሚሆነው።»

«የት ትሩጥ?» አለች እናት።

ነርሷ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች።

ሰፈሩ የጭነት መኪና መተላለፊያ ነው። የእግረኛ መንገድ የለውም። ልጆች ይጫወቱበት የነበረው ባዶ ቦታ ታጥሮ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ድንቡሼ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መሄጃዋ ከበሩ እስከ አልጋዋ ነው።

እናትየዋ የማቆሚያውን ዘበኛ ልትለምን ሄደች።

«ጋሼ፣ እሑድ ጠዋት መኪኖቹ ሲወጡ ግቢው ባዶ ነው አይደል?»

«ባዶ ነው። ምን ልትዘሪበት ነው?»

«ልጄን ላስሮጥበት።»

ዘበኛው አገጩን አከከ። «ባለቤቱ ካየ የሚያስሮጠው እኔን ነው። በይ እሺ፤ ግን አንድ መኪና በር ላይ ከቆመ ትወጣላችሁ። ነግሬሻለሁ።»

እሑድ ድንቡሼ ገብታ ግንቡ ሥር ተለጠፈች።

«ሰው ያየኛል።»

«ማን አለና? እኔና ጋሼ ብቻ ነን።»

«እናንተስ ሰው አይደላችሁም?»

«እኔ እንኳ ገና አልነቃሁም» አለ ዘበኛው፤ ፊቱንም ወደ በሩ አዞረ።

ልጅቷ ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨብጣ ዱብ ዱብ አለች። ግቢው መሃል ስትደርስ ቀሚሱን ለቀቀችው።

እናትየዋ የዚያን ገላ ደረትና ወገብ በሜትር አሳምራ ታውቃለች። ሲሮጥ ግን አይታው አታውቅም። ያ ሁሉ ክብደት ከመሬት ተነሣ፤ አረፈ፤ ደግሞ ተነሣ። ፍጥነቷን ከየት አመጣችው? በዘይት የጠቆረው ሲሚንቶ ከእግሯ ሥር ያስተጋባል። ሳቋ ከግንብ ግንብ ይጋጫል። እናት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ይህን ሁሉ እኔ ነኝ የወለድኩት?

ውጭ ክላክስ ጮኸ።

«በቃ፣ አለቀ! ጥሪያት» አለ ዘበኛው።

እናትየዋ እጇን ከአፏ ላይ አላነሣችም። ክላክሱ ተደገመ። ዘበኛው በሩን ገርበብ ሲያደርገው ሾፌሩ ወርዶ አንገቱን አስገባና አየ። ብዙ አየ።

«የማን ልጅ ናት?»

«የኔ» አለች እናትየዋ።

ሾፌሩ ወደ መኪናው ተመልሶ ሞተሩን አጠፋ።

«ኧረ ባለቤቱን ምን ልበለው?» አለ ዘበኛው።

«ጎማ ተንፍሶበት ነው የዘገየው በለዋ!» አለ ሾፌሩ።

ድንቡሼ ዳር ደርሳ ዞረች፤ እየበረረች መጣች። ሦስቱም ከመንገዷ ገለል አሉ።