በኩታ ላይ ያየነው ባሕር

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ደብረ ብርሃን ሲኒማ መጥቷል ብሎ ክንዴን ደግፎ ወሰደኝ። በአንድ ነጋዴ ግቢ በሁለት ምሰሶ መካከል አቡጀዴ ሰቅለው ሰዉ መሬት ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሥዕሉ መንቀሳቀስ ሲጀምር ሕዝቡ ጮኸ፤ ፈረስ ሲጋልብ ከፊት የነበሩት ልጆች ተበታተኑ። የእኔ ዓይን ግን ጨርቁ ላይ ነበር። መሐሉ ስለ ረገበ ሰውም ፈረስም እዚያ ሲደርስ ይታጠፋል። «ውሃ አርከፍክፈው ቢወጥሩት ኖሮ» ብል የልጅ ልጄ ሳቀብኝ።

«እማማ፣ አንቺ ደግሞ የሲኒማ ጨርቅ የት ታውቂያለሽ?»

ለመመለስ ደከመኝ። በእኔ ዕድሜ አንዲት ነገር ለማስረዳት ብዙ የሞቱ ሰዎችን መቀስቀስ ያስፈልጋል። በማግስቱ ግን ፀሐይ ሲወጣ ደጃፍ ተቀምጠን ነገርኩት።

ያኔ አንኮበር ነበርን። ከተማዋ የንጉሥ መቀመጫ ስለነበረች ዳገቱና ቁልቁለቱ ሰውና በቅሎ አያጣም። እኔ አዲስ ሙሽራ ነኝ። ባሌ ደስታ ለንጉሡ ሥራ ከመጣ ፈረንጅ ዘንድ እንጨት ይጠርባል። በግቢያችን ሦስት ሴቶች ነበርን፤ እኔ፣ አማቴ እሜቴ ወለተ ማርያም፣ ሦስተኛዋ ደግሞ የባሌ ታላቅ ወንድም የወንድይራድ ሚስት ዘነበች። ወንድይራድ ግን አልነበረም።

ከአሊዩ አምባ ነጋዴዎች ጋር ወደ ባሕር ወርዶ ነበር። ከዓመት በኋላ ኑርዬ የሚባለው ጓደኛው ብቻውን ዳገቱን ወጥቶ መርዶ ይዞ መጣ። ከታጁራ ወደ ዘይላ ሲሻገሩ ጀልባዋ ተገለበጠች፤ ኑርዬን ሌላ ጀልባ አነሣው፤ ወንድይራድ አልተገኘም። ዘነበች ልትጮህ አፏን ስትከፍት አማቴ እጇን አነሡ።

«ማንም እንዳያለቅስ! ልጄ አዋሽን በጎርፍ ወራት ዋኝቶ የተሻገረ ነው። ውሃ ከሆነ ማዶ ይወጣል። አንተ ውሸታም፣ ጥለኸው መጥተህ ነው እንጂ።»

ኑርዬ «ኢንና ሊላህ፣ ሁላችን የአላህ ነን» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ቤታችንን አልረገጠም።

እንግዲህ ለቅሶ የለም፣ ፍትሐት የለም፣ ተዝካር የለም። ማዕድ በቀረበ ቁጥር አማቴ ለወንድይራድ ቆርሰው ያስቀምጣሉ። ዘነበች እንደ ባለ ባል ጠጉሯን ትሠራለች፣ ቅቤ ትቀባለች። ወላጆቿ ከደነባ «ልጃችን ባለትዳር ናት ወይስ መበለት?» ብለው ሰው ሲልኩ መልስ የሚሰጥ ጠፋ። ዘነበች ያለ ዕድሜዋ አረጀች። ወፍጮ ላይ እንደ ተንበረከከች ታንቀላፋና መጁ ከእጇ ይወድቃል። ቀስቅሼ እኔ እፈጭላታለሁ፤ ከምንጭ ውሃ ቀድቼ ያን ዳገት ወጥቼ የምመጣውም እኔው ነኝ። ማታ ተኝተን ጠዋት የምንነሣው ደክሞን ነበር። ቤቱ ራሱ የደከመ ይመስለኝ ነበር።

በሁለተኛው ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም፣ ደስታ ከሥራው በጭጋግ ርሶ ገባ። የቀረበለትን የሱፍ ፍትፍት ሳይነካ እኔንና ዘነበችን ወደ ጓዳ ጠራን።

«ዛሬ ባሕሩን አየሁት» አለ።

ፈረንጁ የቆርቆሮ ሳጥን አለው፤ ውስጡ መብራት፣ ፊቱ ላይ ወፍራም መስታወት። በትንንሽ መስታወት ላይ የተሳለ ሥዕል ሲያስገቡበት ግድግዳ ላይ አግዝፎ ይጥለዋል። ከሥዕሎቹ አንዱ የባሕር ነው። ደስታ ሲያየው የወንድሙን መርዶ አወጋው። ፈረንጁም ነገሩን ሲሰማ «ዝናቡ እስኪያባራ ሥራ የለንም፤ ውሰደው፣ እንዳትሰብረው ብቻ» አለው።

«እሜቴ ቢያዩት ምን ይለወጣል?» አልኩ።

«እኔ እንጃ» አለች ዘነበች። «ግን እኔም ልየው። የቀረበትን ልየው።»

ደስታ እናቱ ፊት ቆሞ «እናቴ፣ ወንድሜ የሄደበትን ውሃ ሥዕሉን ላሳይሽ» ሲል ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተቆጡም።

«አሳየኝ» አሉት። «ማዶውን አሳየኝና በየት በኩል እንደ ወጣ እነግርሃለሁ።»

ሥራው ግን እንዳሰብነው ቀላል አልሆነም። ቤታችን ክብ፣ ግድግዳውም ጭቃና እበት ስለነበረ ሥዕሉ ሲወድቅበት የጎርፍ ደለል መሰለ። ነጠላዬን ሰቀልን፤ ብርሃኑ አልፎ ሄደ። የደስታን ጋቢ ሰቀልን፤ ከእርጅና ብዛት ቡላ ሆኖ ባሕሩን አፈር አስመሰለው። ደስታ ከጥድ እንጨት አራት ማዕዘን ጠርቦ ገጠመ፤ የሚወጠርበት ነጭ ነገር ግን ጠፋ። ከጎረቤት እንዳንዋስ የምን ጥንቆላ ነው መባሉን ፈራን።

አማቴ መደባቸው ላይ ተቀምጠው ሁሉን ያያሉ። በመጨረሻ ተነሥተው ከቆጡ ላይ አንድ አገልግል አወረዱ። ከውስጡ ያወጡት ኩታ እንደ እርጎ የነጣ ነበር። ጥጡን ራሳቸው ፈትለው ለወንድይራድ መመለሻ ያሠሩት ነው።

«ይኸው» አሉ። «ሲመጣ አጥቤ አለብሰዋለሁ።»

ዘነበች ፊቷን አዞረች። እኔ ኩታውን ተቀብዬ ውሃ አርከፈከፍኩበት፤ ደስታ ዳር ዳሩን በጠፍር እየሳበ ከእንጨቱ ጋር አሰረው። ሲደርቅ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጠረ። ከሁለት ወርድ የተሰፋ ስለነበረ መጋጠሚያው መሐል ላይ ያስታውቅ ነበር። አግድመን አቆምነው፤ ስፌቱ ሰማይና ውሃ በሚገናኙበት እንዲውል ነው። ከዚያ በቀን ብርሃን ቤቱን ለማጨለም የሣር ክዳኑን ሽንቁር ሁሉ በጨርቅ ወተፍን፣ በሩን በቁርበት ጋረድን። ውጭው ጭጋግ ነው፤ የቀረው ብርሃን አላስቸገረንም።

ደስታ መብራቱን ለኮሰ። ቤቱ የትኩስ ቆርቆሮና የዘይት ሽታ ሸተተ። መስታወቱን ከተተ፤ ነገር ግን ተገልብጦ ገባ። ውሃው ከላይ፣ ሰማዩ ከታች፣ አንዲት ጀልባ ደግሞ ሸራዋ ቁልቁል ተንጠልጥላ ታየች። ዘነበች አቃሰተች።

«እንዲህ ሆና ነው?» አሉ አማቴ ቀስ ብለው።

ደስታ እየተጣደፈ መስታወቱን አውጥቶ አቃንቶ መለሰው። አሁን ጀልባዋ ቆመች። ከእሷ ወዲያ ውሃ ነው፤ ከውሃው ወዲያም ውሃ። እኔ ወንዝ እንጂ ሌላ አይቼ አላውቅም ነበርና ወደ ኋላዬ አፈገፈግሁ። አማቴ ተነሥተው ወደ ኩታው ቀረቡ። ማዕበሉ ቀሚሳቸው ላይ ወጣ። በጣታቸው ከጀልባዋ ጀምረው ወደ ቀኝ ሄዱ፣ እስከ እንጨቱ። ወደ ግራም ሄዱ።

«ማዶው የት ነው?»

«ማዶ የለውም እናቴ» አለ ደስታ። «ኑርዬ ሲነግረን አልገባንም ነበር። ለዓይን የሚታይ ማዶ የለውም።»

ጣታቸውን ውሃው ላይ እንዳደረጉ «ታዲያ ልጄ ወዴት ብሎ ይዋኝ?» አሉ። ለእኛ አልነበረም የሚናገሩት። ከዚያ ዞረው ዘነበችን ፈለጉ፤ በጨለማው ዳሰው ራሷን ያዙ፣ የሠራችውን ጠጉር ራሳቸው ይፈቱት ጀመር።

«አልቅሺ ልጄ» አሏት። «በቃ፣ አልቅሺ። እስከ ዛሬ ከለቅሶ የያዝኩሽ እኔ ነኝ።»

የዘነበችን ጩኸት ዛሬም ስሰማው እኖራለሁ። ጎረቤት በጭጋጉ ውስጥ እየሮጠ መጣ። በሩን ከፍተው ሲገቡ ባሕሩ ከኩታው ላይ ጠፋ።

ፍትሐቱ ተፈታ፣ ተዝካሩም ጾሙ ሲፈታ ወጣ። አማቴ ወደ አሊዩ አምባ ሰው ልከው ኑርዬን አስጠሩት። በር ላይ ቆሞ ለመግባት ሲያመነታ ሄደው እጁን ሳሙት። «ውሸታም ብዬሃለሁና ይቅር በለኝ» ሲሉት፣ ያ ግዙፍ ሰው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ዘነበች መስቀል ካለፈ በኋላ ወንድሟ መጥቶ ወደ ደነባ ወሰዳት። እስከ ዳገቱ ራስ ሸኘኋት። መንገዱ ዳር አደይ ፈክቶ፣ የባቄላው እሸት ደርሶ ነበር። ስንሰናበት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ቤት ስገባ እተኛለሁ። ማንም እንዳይቀሰቅሰኝ እነግራቸዋለሁ።» በኋላ አግብታ ወልዳለች ሲሉ ሰማሁ።

የልጅ ልጄ እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ያን ሥዕል ባያዩስ ኖሮ?» አለኝ።

«ይጠብቁት ነበራ» አልኩት። «እኛም አብረን።»

እኔ ዛሬ ከአማቴ የዚያን ጊዜ ዕድሜ አልፌያለሁ። ባሌን ቀብሬያለሁ፣ ከልጆቼም ቀብሬያለሁ። ለቅሶ ያደክማል ይላሉ፤ ያደክማል። ነገር ግን ለቅሶ ጎረቤት አብሮ ይሸከመዋል፣ በሠልስቱም ተነሥተው ፊት ይታጠቡበታል። መጠበቅ ግን የሚነሡበት ቀን የለውም።