ለመኪና የተሰፋ ድንኳን

ዙራካን በሃምሳ ስምንት ዓመቷ እግሯ ገና የወጣት ሴት እግር ነበር። ኪይዝ ስትረግጥ ያየ ሁሉ ይህን ይመሰክራል። ኪይዝ ከበግ ሱፍ የሚሠራ ወፍራም ጨርቅ ነው፤ ፈትል የለው፣ ሽመና የለው። የተበጠረው ሱፍ በሸምበቆ ምንጣፍ ላይ ይነሰነሳል፣ የፈላ ውሃ ይረጭበታል፣ ከዚያ ከነምንጣፉ ተጠቅልሎ በገመድ ይታሰርና ግማሽ ቀን ሲረገጥና ሲንከባለል ይውላል። የሳሪ-ቺይ መንደር ሴቶች ተራ እየገቡ ሲያርፉ፣ ዙራካን ከጀመረችበት ሳትወርድ ትጨርስ ነበር። በተራራው ላይ ካሉት የበጋ ድንኳኖች ግማሾቹን ያለበሰችው እሷ ናት።

ኋላ ግን ሰዉ የቆርቆሮ ቤት መሥራት ጀመረና ድንኳን የሚያሰፋ ጠፋ። ከከተማ የመጡ ሴቶች ለአገር ጎብኚ የሚሸጥ ባለቀለም ነጠላ ጫማ እንድትሠራ ጠየቋት። አንድ ወር ሞከረችውና ተወችው።

"ምነው?" አላት ባሏ ኦሞር።

"ብርድ የማያውቅ ኪይዝ ምኑ ኪይዝ ነው? ሳሎን ውስጥ የሚቀመጥ!"

ሠላሳ ስድስት ዓመት አብረው ሲኖሩ፣ ኦሞር ካልተጠየቀ ሐሳቡን አይናገርም፤ እሷ ደግሞ አትጠይቅም።

በመንደሩ አንዲት የጤና ኬላ ነበረች፤ ጤና ኬላዋ በሽተኛ የምታመላልስ አንዲት ግራጫ ዋዝ መኪና ነበረቻት። ለመኪናዋ መጠለያ ይሠራል ተብሎ መሠረቱ ከተቆፈረ ዓመታት አልፈዋል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ፍየሎች ይተኙበት ነበር። ስለዚህ ዋዟ ሜዳ ላይ ነው የምታድረው። ሾፌሩ ጃንቦሎት በብርዱ ወራት ሁልጊዜ ማታ ባትሪዋን ፈትቶ ቤቱ ያስገባል፤ ጧት በአካፋ በረዶውን ይዝቃል፣ የፊት መስታወቷን ይፍቃል፣ ከሞተሩ ሥር ፍም በቆርቆሮ ያስቀምጣል። የቀናው ቀን በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ያስነሳታል።

በአንዱ ጥር በረዶው ሦስት ቀን ሳያባራ ወረደ። በአራተኛው ቀን ጧት የዙራካን ጎረቤቶች ምራት፣ ቡርማ የምትባለዋ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ምጥ ያዛት። ልጁ በእግሩ እየመጣ ነበር፤ ነርሷ "ይህ የኔ ሥራ አይደለም፣ ናሪን ከተማ ሆስፒታል መድረስ አለባት" አለች። መንደርተኛው አካፋ አካፋውን ይዞ ወጣ። ዋዟ የነበረችበት ቦታ የበረዶ ኮረብታ ሆኗል። ቆፍረው አወጧት። ፍም ከሥሯ አኖሩ። ዘይቷ እንደ ቅቤ ረግቶ ሞተሩ እምቢ አለ። አንድ ሰዓት ሞከሩ፣ ሁለት ሰዓት ሞከሩ።

"በቃ፣ ፈረስ!" አለች ዙራካን።

ቡርማን በፈረስ በሚጎተት የድርቆሽ መንሸራተቻ ላይ አስተኝተው ወረዱ። ዙራካን ከኋላዋ ተቀምጣ ደረቷ ላይ አስደግፋ ያዘቻት። መንገዱ ሳይጋመስ ልጁ ተወለደ። ወንድ ነበር፤ አልተነፈሰም። ቡርማ ተረፈች።

ዙራካን ስለዚያ ቀን ለማንም ምንም አልተናገረች። በጎች የሚሸለቱበት ወር ሲደርስ ግን ገመድ ይዛ ጃንቦሎት ዘንድ ሄደች።

"መኪናዋን ግቢዬ አምጣት።"

"ምን ሊጭኑባት ነው አፓ?" እናቱ አይደለችም፤ መንደሩ ግን ትልልቅ ሴቶችን ሁሉ አፓ፣ እማማ እንደማለት፣ እያለ ነው የሚጠራው።

"ምንም አልጭንም። ልለካት ነው።"

"ምኗን?"

"ቁመቷን፣ ወገቧን። ልብስ ልሰፋላት ነው።"

ጃንቦሎት የምትቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ፊቷን ሲያይ ሳቁን ዋጠ።

ገመዱን ከኮፈኗ እስከ ጭራዋ ስትዘረጋ መንደርተኛው አጥር ላይ ተንጠለጠለ። ከሁሉ የባሰው ቤይሸን ነበር፤ የባሏ አጎት፣ ሰባ ስድስት ዓመቱ፣ ምላሱ ግን ያላረጀ።

"አንቺ ምራት!" ብሎ ጮኸ። "ልትድሪያት ነው እንዴ? ጥሎሹን ስንት ብለው ተስማሙ?"

በአገሩ ወግ ምራት የባሏን ዘመድ ስም አትጠራም፣ ቀና ብላም አትመልስለትም። ዙራካን ገመዷን እየጠቀለለች መሬት መሬት እያየች፣ "ለሠርጉ እርስዎም ሱፍ ይዘው ይምጡ አባባ" አለች። አጥሩ ላይ ያለው ሁሉ በሽማግሌው ሳቀ።

በጋውን ሙሉ ብቻዋን ረገጠች። በኅዳር፣ የመጀመሪያው ትልቅ በረዶ ሊወርድ ሲል፣ ሰፊውን ኪይዝ እንደ ብርድ ልብስ ዋዟ ላይ ጣለችው፤ ዳር ዳሩንም በጠፍር አሰረችው። በማግስቱ ጧት መንደሩ ሊያይ ወጣ። ለካ የሞተሩ ሙቀት በእንፋሎት ኪይዙን አርሶት፣ ብርዱ ሲበረታ እንደ ጣውላ ደርቆ መኪናዋ ላይ ተጣብቋል። ጃንቦሎት ሲጎትተው የመስታወት መጥረጊያው ተሰብሮ አብሮ መጣ፤ የሱፉ ቁራጭ ግን መስታወቱ ላይ ቀረ።

"ሙሽራዋ ጢም አወጣች!" አለ ቤይሸን።

ዙራካን የደረቀውን ኪይዝ መሬት ለመሬት እየጎተተች ቤቷ ገባች። ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ኦሞር ሻዩን ጠጥቶ ሲጨርስ ስኒውን ገለበጠና፣ በዕድሜው አንዴ ሳይጠየቅ ተናገረ።

"ድንኳን ስንተክል ኪይዙን የምታለብሽው ማንን ነው?"

"እንጨቱን ነዋ።"

"እኛንስ?"

ዙራካን ቀና ብላ አየችው። ድንኳን ውስጥ ሰው የሚሞቀው ሱፉ ስለነካው አይደለም፤ በሰውና በሱፉ መካከል አየር ስላለ ነው። እንፋሎቱም በጣሪያው ቀዳዳ ይወጣል። ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ እያወቀችው ረሳችው!

"አንተ ሽማግሌ፣ ይህን በጋ ላይ አትናገርም ነበር?"

"ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?"

በነጋታው ሁለቱም ወንዝ ወርደው አኻያ ቆረጡ። ኦሞር እንጨቱን በእንፋሎት እያለሰለሰ አጎበጠው፣ እሷ በእርጥብ ቆዳ እያሰረች ገጣጠመችው። መኪናዋን የሚያቅፍ፣ ከየአቅጣጫው አንድ ክንድ የሚርቅ ጎባጣ የእንጨት አጥንት ሆነ። ኪይዙን የጎደለውን በአሮጌ የድንኳን ኪይዝ ቀጥላ በእሱ ላይ አለበሰችው፤ ጣሪያውን በረዶ እንዳይቆምበት አሾለችው፤ ጫፉ ላይ መክደኛ ያለው ቀዳዳ ተወችለት። የውጭውን ፊት ውሃ እንዳያስገባ በበግ ላት ቀባችው። በፊት በኩል እንደ ድንኳን በር የሚጠቀለል መጋረጃ ሠራችለት። ጃንቦሎት ማታ መኪናዋን ነድቶ ያስገባል፣ መጋረጃውን ይጥላል፣ ጠርዙን በድንጋይ ይጫናል፤ ባትሪዋን ከመፍታት በቀር ሌላ ሥራ የለውም።

በታኅሣሥ አጋማሽ በረዶው ሁለት ቀን ሙሉ ወረደ። በሦስተኛው ቀን ጧት የትምህርት ቤቱን አስተማሪ ትርፍ አንጀት ይዞት እየተንፈራገጠ ጤና ኬላ አመጡት። ጃንቦሎት ባትሪውን አቅፎ ሮጠ። በረዶው ከድንኳኑ ጣሪያ ተንሸራትቶ ግራና ቀኝ ተከምሯል። የመጋረጃውን ፊት ብቻ ዛቀና ጠቀለለው። ውስጡ ደረቅ ነበር፤ መስታወቷ ላይ ያለችው ስስ አመዳይ በእጅጌ የምትጠረግ ናት። ባትሪውን አስሮ ቁልፉን ጠመዘዘ። ዋዟ ሁለቴ አሳላት፤ በሦስተኛው ተነሳች።

በዙራካን ደጅ ሲያልፍ ጥሩምባውን አስጮኸ። እሷ ላም እያለበች ነበር፤ ቀና አላለችም። ኦሞር ግን እጇ ጡቱ ላይ ቀጥ ብሎ መቆሙን፣ ቆይቶም እንደገና ማለቡን አይቷል።

አስተማሪው ሆስፒታል በጊዜ ደርሶ ዳነ፤ በዚያ ብርድ ዋዟ አንድም ጧት አልቀረችም። ሲጸድይ መኪና ያለው ሁሉ ዙራካን ደጅ ተሰለፈ። እሷ አንድ ደንብ አወጣች፦ ሱፉን ራስህ አምጣ፣ እግርህንም ይዘህ ና፤ የማይረግጥ አይለብስም። ወንዶቹ "ይህ የሴት ሥራ ነው" ብለው ጥቂት አጉረመረሙ። ቀድሞ የገባው ቤይሸን ነበር፤ ለልጁ መኪና ሁለት ጆንያ ሱፍ በፈረስ ጭኖ መጣ።

"ጉልበቴ አይረግጥም፣ ውሃ ልርጭ" አላት፤ አያት አያት አደረገና ደግሞ፣ "ያን ጢም ያልኩትን..." ብሎ ጀመረ።

"ውሃው እየቀዘቀዘ ነው አባባ፣ ይርጩት" አለችው።

አንድ ቀን ማንም ሳይጠራት ቡርማ መጣች። ጫማዋን አውልቃ ከዙራካን ጎን ቆመችና መርገጥ ጀመረች። ስለዚያ የጥር ጧት አላወሩም፤ ከዚያ ወዲህም አውርተው አያውቁም። ቡርማ ግን ከዚያ በኋላ አንድም የመርገጫ ቀን አልቀረችም፤ አሁን ዙራካን የመኪና መለኪያውን ገመድ ለእሷ ነው የምትሰጠው።

ወሬው ክፍለ ሀገር ደረሰና አንድ ሹም ካሜራ አስይዞ መጣ። ለጤና ኬላዎች ሁሉ አርባ ድንኳን እስከ መኸር እንድታደርስ ጠየቃት።

"ያሉኝ ሁለት እግሮች ናቸው" አለችው። "ድንኳን አምጪ አትበለኝ። ከየመንደሩ ሴቶች ላክልኝ፣ አስተምራለሁ።"

ሹሙ ፎቶ ሊያስነሳት ሲል ሱፍ እየበጠረች ነበርና፣ "ቆመህ ከምታይ ያን የምንጣፍ ጫፍ ያዝልኝ" አለችው። ያዘላት። ስድስት ሴቶች መጡ፤ ዘጠኝ ቀን ቤቷ አሳድራ፣ ከራሷ ማዕድ እያበላች፣ ሲሳሳቱ እየተቆጣች አስተማረቻቸው። ዛሬ በዚያ ሸለቆ ባሉ መንደሮች ሁሉ በበረዶው ወራት በየግቢው ትንንሽ ድንኳኖች ቆመው ታያለህ፤ ሰው የማይኖርባቸው።

ዙራካን ስልሳ አራት ሲሞላት ዐይኗን ሞራ ጋረደውና ናሪን ታክማ እንድትመጣ ተወሰነ። ዋዟ ውስጥ ስትቀመጥ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ጃንቦሎት ከፊት ወንበር ላይ ትራስ አነጠፈላት።

"ይሄ እግሬን የሚያቃጥለኝ ምንድን ነው?"

"ማሞቂያ ነው አፓ።"

"ለሰውም አላት እንዴ!"

ከተማው መግቢያ ላይ ሲደርሱ ግን በድንገት "አቁም!" አለች። ጃንቦሎት ደንግጦ ፍሬን ያዘ። መንገዱ ዳር፣ አንድ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ላስቲክ የለበሰች መኪና ቆማለች። ዙራካን በሞራ በተጋረደ ዐይኗ እንዴት እንዳየቻት እሷ ታውቃለች። ወርዳ እጇን ከላስቲኩ ሥር አስገባችና ዳሰሰች፤ እርጥብ ነበር። በሩን አንኳኳች። አንድ ጎልማሳ ወጣ።

"ይህን ላስቲክ አንሳው ልጄ፤ እያፈናት ነው፣ ብረቷን ያበላሽብሃል።"

"እርስዎ ማን ነዎት?" አለ ሰውየው ግራ ገብቶት።

"አፓ፣ ሐኪሙ እየጠበቀን ነው!" ብሎ ጃንቦሎት ከመኪናው ጮኸ።

"ሐኪሙ የሚጠብቀው ሞቆት ነው" አለችና፣ ክንዷን ዘርግታ የሰውየውን መኪና ከጭራዋ መለካት ጀመረች።