የሙራድ አጎዛ

ከአረፋ ማግስት ቆዳ ገዢዎች "የበግ ቆዳ ያለው!" እያሉ በዓለም ባንክ ሰፈራችን ሲያልፉ የድሮ ቅናቴ ይነሳብኛል። በዚህ ዕድሜው በበግ ቆዳ የሚቀና ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ልጆች ሆነን ኮልፌ ስንኖር ታናሽ ወንድሜ ሙራድ አስም ነበረበት። ክረምት ሲገባ ደረቱ ሲር ሲር ይላል፤ መተንፈስ ሥራ ይሆንበታል። እማ ጥፋቱን ሁሉ በብርድ ላይ ስለጣለች የአረፋውን በግ ቆዳ ጨው ነስንሳ፣ ፍቃና አድርቃ አነጠፈችለት። ነጭ፣ ወፍራም፣ እጅ የሚያሰምጥ አጎዛ! ማሩ ለእሱ፣ የሾርባው ቅልጥም ለእሱ። ውሃ መቅዳቱ ለእኔ፤ መኝታዬም ሰሌን። ቅናት አንጀቴን ይበላው ነበር።

እሱ ደግሞ በተንከባከቡት ቁጥር ይብስበታል። አንድ ጠዋት ከንፈሩ ጠቆረ። እማ አዝላው አየር ጤና ወዳለ ክሊኒክ በታክሲ በረረች፤ እኔም ጫማውን ይዤ ተከተልኳት። ሐኪሙ በጭምብል መድኃኒት አስተነፈሰውና ልጁ ሲረጋጋ ወደ እማ ዞረ።

"የሚተኛው ምን ላይ ነው?"

"በአጎዛ ነዋ ዶክተር! እንደ ንጉሥ ነው የማስተኛው።"

"እናቴ፣ እሱን ያንሱለት። የልጁ አስም በአለርጂ የሚነሳ ነው፤ የአጎዛው ፀጉር የሚይዘው አቧራ የአየር ቧንቧውን ያሳብጥበታል። አንሶላውን በሙቅ ውሃ ይጠቡ። ይሄን የሚሳብ መድኃኒት ደህና ቢሆንም በየቀኑ ይውሰድ፤ ይሄ ሁለተኛው ደግሞ ሲያፍነው ብቻ የሚሳብ ነው።"

"ሱስ አይሆንበትም?"

"አይሆንበትም። የሚጎዳው ማቋረጡ ነው።"

እኔ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አጎዛው ከሙራድ ሊነሳ ነው። ቤት እንደደረስን ጠቅልዬ ወደ ሰሌኔ ስጎትተው እማ ነጠቀችኝ።

"ከቤት ይውጣ! አንድ ክፍል አይደል እንዴ የምትተኙት?"

ለጎረቤት ሰጠችው። አንሶላውን በሙቅ ውሃ የማጥበውም እኔ ሆንኩ።

ክረምቱ ሳይወጣ ሙራድ ኳስ መራገጥ ጀመረ። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። አሁንማ ተራው የእኔ ነው ብዬ አንድ ጠዋት እማ ፊት ቆሜ በረጅሙ ሳልኩ። ከምታጥብበት ቀና እንኳ ሳትል "ውሃ ጠጪበት" አለችኝ።

ዛሬ እማ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ሙራድ ሸብቷል፤ መድኃኒቱን ኪሱ ከትቶ ከተማውን ሲያዳርስ ይውላል። ምሽት ላይ እማ ትደውልለታለች፤ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ስልኩን የምይዝላት እኔ ነኝ።

"ደረትህስ?" ትለዋለች።

"ደህና ነኝ፣ እማ።"

ጤነኛ ልጅ እናቱን አያስጨንቅም። ታዲያ ያልተጨነቁለት ልጅ መወደዱን በምን ይወቅ? እማ ዓይኗን ጨፍና የሙራድን ትንፋሽ ታዳምጣለች። የእኔ ትንፋሽ ጆሮዋ ሥር ነው።